አራሷ በቀቀን

ማንጠግቦሽ የጅራቱን ነገር ያየችው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነበር፤ ያስተዋለችው ግን ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ጠዋት የሻይ ብርጭቆ ልታነሳ ወደ እትዬ ዓለምፀሐይ ክፍል ጎራ ስትል፣ ፒሊ በሽቦ ቤቷ ውስጥ ዝቅተኛው እንጨት ላይ ቆማ ጅራቷ ከእስትንፋሷ ጋር ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። «ደህና አደርሽ እያለችኝ ነው» አለች በልቧ። ብርጭቆውን ይዛ ወጣች፤ የልጇ የሐሊና የትምህርት ቤት መኪና ከታች ጥሩምባውን እየነፋ ነበር። ማንጠግቦሽ እኮ የጋዙን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ሳትነካ ከኩሽና የማትወጣ፣ በር ከቆለፈች በኋላ እጀታውን ሦስት ጊዜ ወደ ታች ሳትጫን የማትተኛ፣ የአምቡላንስ ድምፅ በሰፈሩ ባለፈ ቁጥር ባሏ ይድነቃቸው ናይሮቢ ዌስትላንድስ ያለው የአየር መንገድ ቢሮው ውስጥ በሰላም መቀመጡን በስልክ የምታጣራ ሴት ናት። በሁሉም ነገር ክፉውን አስቀድማ የምታይ ሴት፣ ክፉው ራሱ ፊቷ ቆሞ ጅራቱን ሲነቀንቅ ሰላምታ መሰላት።

ፒሊ ከድንቢጥ ከፍ፣ ከእርግብ አነስ የምትል፣ አናቷ ላይ ቁንጮ ያላት፣ ጉንጯ በብርቱካን ቀለም የተነካ የመሰለ ግራጫ በቀቀን ናት። ስሟን ያወጣችላት ሐሊና ናት፤ በስዋሂሊ ሁለተኛ ማለት ነው። የመጀመሪያዋ ማንጠግቦሽ ረስታ በተወችው መስኮት ወጥታ በሰፈራቸው በፓርክላንድስ ዛፎች ውስጥ እንደገባች ቀርታለች፤ ስለ እሷ በቤቱ ውስጥ አይወራም። ፒሊ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳሎን ጥግ ስትኖር አንድም እንቁላል ጥላ አታውቅም ነበር። ከሁለት ወር በፊት የይድነቃቸው ታላቅ እህት እትዬ ዓለምፀሐይ ጉልበታቸውን ሊታከሙ ከአዲስ አበባ መጡ። የሰኔ ብርድ ሲገባ «ይቺ ፍጡር በብርድ ልትሞት ነው፤ እናንተ ሹራብ ለብሳችሁ» አሉና ከአሮጌ ጋቢያቸው ጫፍ ቀደው እንደ ኪስ ያለ መኝታ ሰፉላት። የሽቦ ቤቱንም ወደ ራሳቸው ክፍል አስገቡት። በሁለተኛው ሳምንት ፒሊ ኪሱ ውስጥ እንቁላል ጣለች። እትዬ ዓለምፀሐይ እልል አሉ። ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነው የሚባለው፤ ይሄኛው ስላልታወቀ በአምስት አቆሙ። ዘበኛው ምን ደረሰባችሁ ብሎ ደረጃውን እየሮጠ መጣ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍላቸው አራስ ቤት ሆነ። ጥጉ በነጠላ ተጋረደ። ጂኒ እንዳይቀርባት ከሽቦ ቤቱ ስር መቀስ ተቀመጠ። ጠዋትና ማታ ለብ ያለ ገንፎ፣ በርበሬው ቀርቶ ቅቤው ጠብ ተደርጎበት፣ በእትዬ ዓለምፀሐይ ሌባ ጣት ይቀርብላታል። «ወገቧን ይቆርጣታል» እያሉ ጀርባዋን እስከ ጅራቷ ድረስ ያሹላታል። አራስ በጨለማ አትተውም ተብሎ መብራቱ ሲበራ ያድራል። እንቁላሉ እየተነሳ ጥጥ በተነጠፈበት የሻይ ስኒ ውስጥ ይቀመጣል፤ ለእንግዳ ሁሉ ይታያል። «አባቱስ?» ብሎ የሚቀልድ እንግዳ ቢኖር፣ እትዬ «አባት ለስሙ ነው፤ አራሿ እኔ ነኝ» ይሉታል። በአንድ ወር ውስጥ ዘጠኝ ሆነ። ሐሊና አንድ ማታ «ማም፣ ይሄ ኪስ ለእሷ ጥሩ አይደለም ይላሉ፣ ቪዲዮ ላይ አየሁ፣ ሲሪየስሊ» ብላ ነበር። ማንጠግቦሽ «ዝም በይ፤ እትዬ ይቀየማሉ» አለቻት። ዝም አይነቅዝም ይባላል። አንዳንዱ ግን ሲነቅዝ ድምፁ አይሰማም።

ሦስት ሰዓት ሲያልፍ የታጠፈ ልብስ ተሸክማ በኮሪደሩ ስታልፍ እትዬ ዓለምፀሐይ በስልክ ከአዲስ አበባ ሰው ጋር ሲያወሩ ሰማች። በሩ ገርበብ ብሏል። «ምን ባክሽ፣ እዚህ ቤት አራስ ማረስ የሚያውቅ ሰው የለም» ይላሉ። «ደግነቱ እኔ ደረስኩላት።» ማንጠግቦሽ ልብሱን እንደታቀፈች ቆመች። ደረስኩላት። ለወፍ። ሐሊና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እሷ የተወለደች ጊዜ ናይሮቢ ድረስ መጥቶ ለእናቷ የደረሰላት ሰው አልነበረም። ይህንንም ማንጠግቦሽ ለማንም ተናግራው አታውቅም፤ ለይድነቃቸው እንኳ፤ የገዛ እህቱ ናቸዋ። ልብሱን ልታስቀምጥ ገባች። ያን ጊዜ ነው ያስተዋለችው። ፒሊ ከእንጨቱ ወርዳ የሽቦ ቤቱ ወለል ላይ፣ ላባዋ እንደ ጥጥ ኳስ ተነፍቶ፣ ዓይኗ ግማሽ ተከድኖ ተቀምጣለች። ጅራቷ አሁንም ከፍ ዝቅ ይላል። ሰላምታ አልነበረም። መተንፈስ አቅቷት ነው።

«እትዬ፣ ወፏ መሬት ላይ ናት።»

እትዬ ዓለምፀሐይ ስልኩን ዘጉ። «ምጥ ላይ ናት። አትንኪያት። ይልቅ ማርያም ማርያም በይ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከንጋት ጀምሮ። አሥረኛዋ አይደል፣ ደከማት እንጂ ትወልዳለች።»

«ሐኪም ጋ ልወስዳት ነው።»

«የወፍ ሐኪም?» እትዬ ዓለምፀሐይ ሳቁ፤ ከዚያ ግን የማንጠግቦሽን ፊት አይተው ሳቁን አቋረጡት። «ኧረ ማንጥዬ! ዶሮ ዕድሜ ልኳን እንቁላል ስትጥል ሆስፒታል ስትተኛ አይቼ አላውቅም። ደግሞ አራስ ከቤት አትወጣም። ንፋስ ይመታታል።»

ሌላ ቀን ቢሆን ይህ ንግግር ይበቃ ነበር። ማንጠግቦሽ በትዳር ዘመኗ ከባሏ ዘመዶች ጋር አንድ ጊዜ እንኳ አፍ ለአፍ ገጥማ አታውቅም፤ የማይስማማትን ነገር ወደ ኩሽና ይዛው ትሄድና ከሽንኩርቱ ጋር ትከትፈዋለች። ዛሬ ግን አፏን ዘግታ የሐሊናን የጫማ ካርቶን አወጣች፣ በቢላዋ ጫፍ በሳሳችው፣ ፎጣ አነጠፈችበት። ፒሊን ስታነሳት እጇ ውስጥ ምንም ነገር የሌለ መሰላት። ድሮ ጣት ነክሳ ደም የምታወጣ ወፍ ዛሬ አልነከሰቻትም፤ ይህ አለመንከሷ ከሁሉ በላይ አስደነገጣት። ክዳኑን ስትገጥም ሐሊና አሥር ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ባዶውን የሽቦ ቤት ስታይ፣ «ማም፣ ይቺንም?» ስትል ታያት። «ይቺንም» የሚለውን ቃል ቀድማ ሰማችው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አይደርስም፣ አለች ለራሷ፤ ሹራቧን ካርቶኑ ላይ ቆልፋ ወጣች።

የእንስሳት ሐኪም ቤቱ ላቪንግተን ሰፈር ነው። በስልኳ የጠራችው ታክሲ ዌስትላንድስ አደባባይ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ከፊት ያለው ሁሉ ቆሟል፤ ከኋላ ያለውም። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ኦቾሎኒ መቆርጠም ጀመረ፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የናይሮቢ ሰው ያውቀዋል። ማንጠግቦሽ ጆሮዋን ካርቶኑ ላይ አስደገፈች። አንዴ ኮሽ ይላል፤ ከዚያ ዝም። ዝምታውን ትቆጥራለች። ሃያ ስትደርስ ሌላ ኮሽታ። በመስኮቱ ግራና ቀኝ ቦዳ ቦዳዎች፣ ሰው የሚያመላልሱት ሞተር ሳይክሎች፣ በመኪኖቹ መሃል እንደ ውሃ እየፈሰሱ ያልፋሉ። ማንጠግቦሽ በናይሮቢ በኖረችበት አሥራ ስምንት ዓመት ቦዳ ላይ ወጥታ አታውቅም። ሐሊና አንድ ቀን ወጥታ ተገኝታ ሳምንት ሙሉ ስልኳ ተወስዷል። የስብራት ክፍል ስለሚባል ነገር፣ ሆስፒታል ውስጥ በቦዳ ለተሰበሩ ብቻ ስለተለየ አዳራሽ፣ የሰማችውን ሁሉ በቃሏ ታውቀዋለች። ለታክሲው በስልክ ገንዘብ መላኪያው በኤምፔሳ ከፈለችና በሩን ከፍታ ወረደች።

ያቆመችው ባለሞተር ጢሙ የሸበተ፣ የዝናብ ካፖርት የደረበ ሰውዬ ነበር። ካርቶኑን አይቶ «ኬክ ነው?» አላት።

«ወፍ ናት። ታማለች። ቀስ ብለህ ንዳ፤ ግን ቶሎ አድርሰኝ።»

ሰውዬው ይህን ትእዛዝ ጥቂት አሰበበት። «ማማ፣ ከሁለቱ አንዱን ምረጪ» አለ።

«ቶሎ» አለች ማንጠግቦሽ፤ ካርቶኑን በሆዷና በጀርባው መሃል አስገብታ ዓይኗን ጨፈነች። ላቪንግተን እስኪደርሱ አልገለጠችውም። ዳገቱን በጆሮዋ፣ መታጠፊያውን በካርቶኑ ማዘንበል አወቀችው። ስትወርድ የሰውዬውን ትከሻ ያዘች፤ እሱም ልክ እንደ እህቱ ክርኗን ደግፎ እስከ በሩ አደረሳት።

ዶክተር ሙቶኒ አጭር፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ ያስያዘች፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። ፒሊን በሁለት ጣቷ ይዛ ሆዷን ስትዳስስ አላመነታችም። «እንቁላሉ አልወጣ ብሎ ተይዟል» አለች። ካልሲየም ወጋቻት፤ ሞቃትና እርጥብ አየር ያለበት የመስታወት ሳጥን ውስጥ አስገባቻት። «እንጠብቃለን» አለች። ማንጠግቦሽ የላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከፊቷ አንድ ሰውዬ እግሩ የታሸገ ድመት ታቅፎ የእግር ኳስ ውጤት በስልኩ ያያል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አምስት ሆነ፣ ስድስት ሆነ። እጇ ላይ የቀረውን የላባ ብናኝ አላራገፈችውም። ልክ እንዲህ ያለ ወንበር ላይ፣ እንዲህ ያለ የመድኃኒት ሽታ ውስጥ፣ ብቻዋን ምጥ ይዟት የተቀመጠችበትን ቀን ልታስታውስ ስትል ራሷን ከለከለች። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ዶክተሯ በሩን ከፍታ በእጇ ጠራቻት። ከመስታወቱ በታች ፎጣው ላይ እንቁላሉ ወድቋል፤ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ጣት ቢነካው የሚጎደጉድ። ፒሊ እንጨቱ ላይ ወጥታ ቁንጮዋን ቀጥ አድርጋለች።

«እፎይ አትበይ ገና» አለች ዶክተር ሙቶኒ። «ማማ፣ የምጠይቅሽን ሳትደብቂ መልሺልኝ። የት ነው የምትተኛው?»

«ከጋቢ የተሰፋ ኪስ ውስጥ። እንዳይበርዳት።»

«መብራት የሚጠፋው ስንት ሰዓት ነው?»

«አይጠፋም።»

«የምትበላውስ?»

«ገንፎ። ለብ ያለ። በቅቤ።» ማንጠግቦሽ እያንዳንዱን ስትመልስ የገዛ ድምጿን ከሩቅ ትሰማው ነበር። ጀርባዋን ማን ያሻታል፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ እንቁላሉ ሲወጣ ማን ያነሳዋል። ሁሉንም ነገረቻት። ይህ ሁሉ የእናት እንክብካቤ እንደሆነ፣ በአገሯ የወለደች ሴት እንዲህ እንደምትያዝም ነገረቻት። ዶክተሯ አልሳቀችም፤ ማንጠግቦሽ ስለዚህ ብቻ ወደደቻት።

«ለሴት ከሆነ መታደል ነው» አለች። «እኔንም እንዲህ የሚያርሰኝ ባገኘሁ። ወፍ ግን ይህን ሁሉ የምታነበው ሌላ ነው። ጨለማ ጉድጓድ ስታገኝ፣ ጎጆ አገኘሁ ትላለች። መብራቱ ሳይጠፋ ሲያድር፣ ቀኑ ረዘመ፣ ወቅቱ ደረሰ ትላለች። ለስላሳ ሙቅ ምግብ ባል ለሚስቱ የሚያጎርሰው ነው፤ ጀርባ መደባበስም የባል ሥራ ነው። ሰውነቷ ሆርሞኑን ይለቅና፣ ውለጂ ይላታል። እንቁላሉን ስታነሱባት ደግሞ፣ ጠፋብኝ ብላ ትተካለች። ቅርፊቱን የምትሠራው ከገዛ አጥንቷ እየፋቀች ነው። እስካሁን አጥንቷን ነው ስትወልድላችሁ የኖረችው።»

ማንጠግቦሽ ወንበሩን ያዘች። «ከዚህ በኋላስ?»

«ሌላ አንድ እንቁላል ቢያዝባት ላትተርፍ ትችላለች። ስለዚህ ከዛሬ ማታ ጀምሮ፣ ከነገ አይደለም፣ ኪሱ ይውጣ። ገንፎው ይቅር፤ ጥራጥሬ፣ ጎመን፣ ካልሲየም። አናቷን ብቻ እከኩላት። ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል ጸጥ ያለ፣ የጨለመ፣ የብቻዋ ክፍል፤ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ድረስ። ማንም እዚያ አይግባ።»

«በጨለማ ብትደናበርስ? ክንፏን ብትሰብርስ?»

«ከበሩ ስር የምትገባ ጭላንጭል ትበቃታለች።» ሰዓቱ በስዋሂሊም በአማርኛም አንድ ነውና ማንጠግቦሽ ምንም ማስላት አላስፈለጋትም። አሥራ ሁለት ተኩል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካርቶኑን ተቀብላ ስትወጣ በቤቷ ውስጥ ያሉትን ክፍሎች አንድ በአንድ በሐሳቧ እየከፈተች ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ይድነቃቸው እስከ አምስት ሰዓት ዜና ያያል። ሐሊና ፈተና ደርሶባት እስከ እኩለ ሌሊት መብራት አብርታ ታጠናለች። የእነሱ መኝታ ቤት ውስጥ የይድነቃቸው ማንኮራፋት ግድግዳ ያናግራል። የእትዬ ክፍል የታወቀ ነው። አንድ የቀረ በር ነበር። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ያለው ዕቃ ቤት፤ መስኮት የለውም፣ ከበሩ በላይ ግን የአየር ማስገቢያ ርብራብ አለው። ውስጡ ትርፍ የጋዝ ሲሊንደር፣ የተከፈተ የቀለም ቆርቆሮ፣ የበረሮ መርጫ፣ ግማሽ ጆንያ ከሰል አለ። እያንዳንዱ ወፏን የሚገድልበትን መንገድ ለየብቻው አሰበችው፤ አስባ ስትጨርስ ምን ምን መውጣት እንዳለበት አወቀች።

ይድነቃቸው የደወለው ከሰሉን ወደ በረንዳ ስትጎትት ነው። እህቱ ቀድመው ነግረውታል። «ማንጠግቦሽ፣ እኔ እስክመጣ ቆዪ እስቲ። እንነጋገርበታለን። እትዬን እንዳታስቀይሚብኝ።»

«ስትመጣ ሦስት ሰዓት ነው። በሩ የሚቆለፈው አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ነው።»

«በወፍ ምክንያት እኮ ነው!»

«አዎ፤ በወፍ ምክንያት» አለችና ሲሊንደሩን ለማንሳት ስልኩን ዘጋች። እንዲህ ብላ ዘግታበት አታውቅም። ሲሊንደሩን አንስታ ደጅ አደረሰችው። ሐሊና ስትገባ እናቷን በከሰል ጠቁራ፣ ወለሉን በሆምጣጤ ስትወለውል አገኘቻት። ፒሊ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ፣ ካርቶኗ ውስጥ ካሮት ትቆነጥራለች። ልጅቷ የሆነውን ሁሉ እስክትሰማ ቦርሳዋን አላወረደችም። መጨረሻ ላይ «ቦዳ? አንቺ? ማም፣ ሲሪየስሊ?» አለች፤ ከወፏ ይልቅ ይህ ነው ያስደነቃት። ከዚያ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ተንበርክካ መደርደሪያውን መፈግፈግ ጀመረች። «ነግሬሽ ነበር» አላለችም። ማንጠግቦሽ ይህን እስከ ማታ ስትጠብቀው ዋለች፤ አልመጣም።

እትዬ ዓለምፀሐይ ከክፍላቸው የወጡት የሽቦ ቤቱ ሲነሳ ነው። ኪሱን ከውስጡ አውጥተው በእጃቸው ይዘውታል። «ይህን እንኳ አብሬያት ላስገባ» አሉ። «ቀዝቃዛ ሽቦ ላይ አራስ ልታሳድሪ ነው?»

«ኪሱ ነው የገደላት። ሊገድላት ነበር።»

«የእኔ እጅ ገደላት በያ!»

ማንጠግቦሽ ኪሱን ተቀበለቻቸው። ስፌቱ ድርብ ነው፤ ጥለቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ጥፍር እንዳይዝ በጥንቃቄ ተደፍኗል። እንዲህ ያለ ስፌት የሚሰፋው ለሚወዱት ነው። ይህን ባታይ ኖሮ ምናልባት ዝም ትል ነበር። «እትዬ፣ እኔ ሐሊናን ስወልድ ገንፎ አልነበረም» አለች። ድምጿ ከፍ አላለም። «ኢስሊ ሰፈር በአንዲት ክፍል ውስጥ፣ ይድነቃቸው የማታ ሥራ ሲገባ በሩ ላይ ወንበር አስደግፌ ነበር የማድረው። መቀሱን ትራሴ ስር ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ። ጎረቤቴ የነበረች አንዲት ሶማሊት ሻይ ባታፈላልኝ ውሃም የሚሰጠኝ አልነበረም። እመጣለሁ ብለውኝ ነበር።»

ሐሊና የያዘችውን ጨርቅ ወለሉ ላይ እንደተጫነች ቀረች። እትዬ ዓለምፀሐይ ነጠላቸውን አጣፉ፤ ደግመው አጣፉት፤ ወደ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ። ማንጠግቦሽ አሁን የሚሆነውን ሁሉ አየችው፤ ሻንጣ ሲታሰር፣ ይድነቃቸው ሲቆጣ፣ አዲስ አበባ ያለው ዘመድ ሁሉ «በወፍ አባረረቻቸው» ሲል። አይታው ስታበቃ ጎንበስ ብላ ጨርቁን ከልጇ እጅ ወሰደች፤ የቀረውን ጥግ ወለወለች። ወለሉ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት መድረቅ ነበረበት።

ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ሲሆን የእትዬ በር ተከፈተ። የኩሽናዋን የመቀመጫ ዱካ ይዘው፣ በሚያማቸው ጉልበት እያነከሱ መጡና ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። ሐሊና ወደ ክፍሏ ገብታለች። እትዬ ባዶውን መደርደሪያ እያዩ «ሞያሌ ድረስ መጥቼ ነበር» አሉ።

«መቼ?»

«ያኔ ነዋ። ሁለት ቀን በአውቶቡስ። አሥር ኪሎ የገብስ ዱቄት፣ አንድ ጣሳ ቅቤ። ድንበሩ ላይ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ አምጪ አሉኝ። እንዲህ ያለ ካርድ መኖሩን እኔ ከየት ልወቅ? ሳልጠይቅ ነው የተነሳሁት። ሦስት ቀን ሞያሌ ተቀመጥኩ፤ በዚያ ሙቀት ቅቤው ቀልጦ ዱቄቱ ውስጥ ገባ። ያረፍኩበት ቤት ጎረቤት አንዲት አራስ ነበረች። ለእሷ አገንፍቼላት ተመለስኩ።»

ማንጠግቦሽ ግድግዳውን ተደገፈች። «ሥራ በዛብኝ ብለው ነው የደወሉልኝ።»

«ታዲያ ምን ልበል? የወንድሜ ሚስት ወልዳ በአንድ ወረቀት ተመለስኩ ልበል?» አሉና ጉልበታቸውን አሹ። «ሥራ በዛብኝ ማለት ይሻላል።»

ማንጠግቦሽ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ያልመጡበትን ምክንያት ስታስብ ኖራለች፤ ንቀውኝ ነው፣ ወንድማቸው እኔን በማግባቱ ከፍቷቸው ነው፣ ሴት ስለወለድኩ ነው። ክፉ የተባለውን ምክንያት ሁሉ አንድም ሳታስቀር አስባዋለች። ሞያሌ ላይ ቅቤ ይዘው የተቀመጡ ሴት ግን አንድ ቀን እንኳ በሐሳቧ መጥተው አያውቁም ነበር። ሄዳ አንድ ብርጭቆ ሻይ ቀድታ አመጣችላቸው። እሳቸውም ዱካው ላይ እንደተቀመጡ ተቀብለው ጠጡ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲል ሐሊና የሽቦ ቤቱን ተሸክማ መጣች። መደርደሪያው ላይ፣ ለዓይን ትክክል በሆነ ከፍታ አስቀመጡት። ሐኪሟ ለካልሲየም የሰጠቻት የባሕር አጥንት፣ ውሃው፣ ጥራጥሬው ገባ። ባዶውን እንጨት ያየች ፒሊ ኪሷን ፍለጋ ጥግ ጥጉን ዞረች፤ አጣችው፤ አንዴ ጮኸች። እትዬ ዓለምፀሐይ ከዱካው ተነሱ። «ዛሬን ብቻ ማንጥዬ» አሉ። «ዛሬ ብቻ አብራኝ ትደር። ከምጥ ነው የተነሳችው። ከነገ ጀምሮ እንዳልሽው።»

ይህን ከሞያሌው ወሬ በኋላ እምቢ ማለት ከቦዳው ይከብድ ነበር። «አታድርም እትዬ» አለች ማንጠግቦሽ። «ዛሬም አታድርም። ነገም አታድርም። ማርያምን፣ ስለምወድዎ ነው የምከለክልዎ።»

እትዬ ዓለምፀሐይ ወደ ሽቦ ቤቱ ተጠጉ። ከዚያ እጃቸውን በሽቦው መሃል አሾልከው፣ ጀርባዋን ሊነኩ የሄደውን ጣታቸውን መለሱና የቁንጮዋን ስር ብቻ አከክ አከክ አደረጉላት። «መቀሱስ?» አሉ።

«መቀሱ ይግባ። ሐኪሟ ስለ መቀስ ምንም አላለችም።»

ሐሊና ሳቋን ለመደበቅ ወደ ኩሽና ሮጠች። መቀሱ ከሽቦ ቤቱ ስር ገባ። ማንጠግቦሽ አምፖሉን አጠፋች። ከበሩ በላይ ባለው ርብራብ የኮሪደሩ ብርሃን እንደ ክር እየሆነ ገባ፤ ፒሊ ከፍተኛው እንጨት ላይ ወጥታ አንድ እግሯን ላባዋ ውስጥ ሰበሰበች። ጅራቷ ቀጥ ብሏል፤ አይንቀሳቀስም። ማንጠግቦሽ ይህንን በጭላንጭሉ ውስጥ ዓይኗን አጥብባ ሁለት ጊዜ አረጋገጠች። በሩን ሳበችው። ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ ቀዳዳው ውስጥ ልትከተው ስትል እጇን መለሰችና ለእትዬ ዓለምፀሐይ ዘረጋችላቸው።

እትዬ ዓለምፀሐይ ቁልፉን አንዴ አዞሩት፤ ሁለተኛ አዞሩት፤ አውጥተው ከበሩ ጎን ባለው ሚስማር ላይ ሰቀሉት። የሳሎኑ ሰዓት አሥራ ሁለት ተኩል ነበር። የማንጠግቦሽ እጅ እንደ ልማዱ ወደ እጀታው ሄደ፤ እጀታው አጠገብ ሲደርስ ቆመ። ሳትጫነው ሰበሰበችው። የእትዬን ክርን ደግፋ ወደ ሳሎን ወሰደቻቸው።